በቅበላ ያጠብኳት ማንበቢያ

ማንበቢያዋ እጄ የገባችው ሲሬ ሳስተምር በነበረ ጊዜ ነው። የአክስቴ ልጅ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የአሠሪዋ ልጅ አዲስ ስትገዛ አሮጌዋን «ጣይልኝ» ብላ ሰጠቻት፤ እህቴ ደግሞ የሚሠራ ዕቃ መጣል የማይሆንላት ሰው ናትና፣ በሻርፕ ጠቅልላ ወደ አገር ለሚገባ መንገደኛ አስያዘችልኝ። ስትደውልልኝ፣ ሻንጣሽ መቼም በመጽሐፍ እንደጎበጠ ነው፣ እስኪ ከዚህ በኋላ ቀለል ብለሽ ተጓዥ አለችኝ።

ሻርፑን ስፈታው ከመዳፍ ትንሽ የምትበልጥ፣ ቀጭን፣ ፊቷ ግራጫ የሆነ ነገር አገኘሁ። እንደ ስልክ አታብረቀርቅም። ዘፈን የላት፣ ፎቶ የላት። ወረቀት በሚመስል ፊት ላይ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ታወጣለች። ያ ጽሑፍ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዐረብኛ ነበር።

ከተከራየሁበት ቤት ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ ሰው ነበሩ፤ በድርቁ ዘመን በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ ከሼህ ዘንድ የዐረብኛ ንባብ የተማሩ። ይዣት ሄድኩ። መነጽራቸውን ወልውለው አዩዋትና «እታለም፣ ንባቡን አውቅልሻለሁ፤ ትርጉሙን ግን አላህ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። እሳቸው አንዱን ቃል በዜማ ያነቡታል፣ ሁለታችንም ተያይተን ትከሻችንን እንነቀንቃለን፣ እኔ እጫነዋለሁ፣ የማይሆን ቦታ ያገባናል፣ እንወጣለን። እንዲህ እያልን ሁለት ደንበኛ ሳይስተናገድ ሄደባቸው። በመጨረሻ አንዱ ቃል ላይ ድምፃቸው ቆም አለ። «ሉጋ... ይቺንማ አውቃታለሁ፤ ሉጋ ማለት ቋንቋ ነው።» ተጫንኩት። የቋንቋ ዝርዝር መጣ፣ እንግሊዝኛውን መረጥኩ። እሳቸው እስካሁን ሲሬን በመኪና ባለፍኩ ቁጥር ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው «ሉጋዋ እንዴት ናት?» ይሉኛል።

አገሬ ዓባይ ማዶ ነው፣ ጎጃም። በካርታ ላይ ጣቴን ባሳርፍ የተወለድኩበትንና የምኖርበትን አንድ ላይ ይሸፍናቸዋል። መንገዱ ግን አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ኖሮ፣ አገር ቤት ለመድረስ በአዲስ አበባ መዞር ልማድ ሆነ። ያን ያህል መንገድ መጽሐፍ ተሸክሞ መመላለስ አይቻልም። የመጽሐፍ መደርደሪያዬ እናቴ ቤት ነው ያለው፤ እኔ ነቀምቴ ነኝ። ስለዚህ ወደ ነቀምቴ ተዛውሬ በከኒሳ ቀሴ በሚባል ሰፈር ቤት ስከራይ፣ ከአልጋዬና ከድስቶቼ ቀጥሎ ቦታ የፈለግሁላት ለዚህች ማንበቢያ ነበር።

አመሏን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። የእኛን ፊደል የያዘ መጽሐፍ ስጭንባት መጀመሪያ ያሳየችኝ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ነበሩ። ኋላ በፒዲኤፍ የተሠራ ከሆነ ፊደሉን እንደ ሥዕል ይዛ እንደምታወጣው ገባኝ፤ ወጣ፣ ግን እንደ ጤፍ ደቀቀ። በጎን ሳዞራትና በዙሪያው ያለውን ባዶ ጠርዝ ስቆርጥለት ተነበበልኝ። ከኔትወርክ ጋር የምትገናኝበትን ነገር ካጠፉት ባትሪዋ ሳምንታት ይቆያል። መብራት አራት ቀን ጠፍቶ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ሲሞት እሷ ምንም አልመሰላትም። የራሷ ብርሃን ግን የላትም፤ እንደ ወረቀት የቀን ብርሃን ትፈልጋለች። ስልክ ፀሐይ ላይ ይጠቁራል፤ እሷ ደግሞ ፀሐይ ሲነካት ፊቷ ይፈካል። ከትምህርት ቤት መልስ በረንዳው ላይ ዱካ አውጥቼ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የጸሎት መጽሐፌንም ጫንኩባት። የሰኞው፣ የማክሰኞው፣ እስከ እሑድ ድረስ በየዕለቱ የሚደርሰው ላይ ዕልባት አኖርኩ፤ ስነካው የቀኑ ጸሎት ይመጣል። መጀመሪያ ነገሩ ከብዶኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ በስልክ ብጠይቃቸው፣ ልብሽ ከቃሉ ጋር ይሁን እንጂ ብራናም የፍየል ቆዳ ነው አሉኝ። ያም ሆኖ የለመደ አፍ የለመደውን ያደርጋል፤ ጸሎት ስጨርስ መጽሐፍ እንደምንሳለመው ፊቷን ስሳለም፣ ከንፈሬ ሲነካት ገጹን ገልጣ ወደ ነገው ትሄዳለች። ሦስት ቀን ጸሎቴ ተምታታብኝ። ከዚያ በኋላ የምሳለመው በጀርባዋ በኩል ነው።

ይህን ስስቅበት ያየችኝ ጎረቤቴ ናት። በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ተወልዳ ያደገችው ኑኑ ቁምባ ነው። በዲፕሎማዋ እየሠራች ሦስት ዓመት በሳምንት መጨረሻ ዲግሪዋን ተማረች፤ ትምህርቱን ጨረሰች፤ የመውጫ ፈተናው ላይ ግን በትንሽ ነጥብ ወደቀች። ያለ ፈተናው ዲግሪው አይሰጥም። የአራት ዓመት ልጇ ደግሞ ኑኑ ቁምባ እናቷ ዘንድ ነበረች፤ እዚህ ተረኛ በሆነች ሌሊት ልጅቷን የሚይዝላት ሰው አልነበራትም። እዚያው ኑኑ ቁምባ ለአንድ ባለ ዲግሪ አዋላጅ ቦታ ተከፍቶ ነበር። ፈተናውን ካለፈች ልጇ ጋ ትገባለች፤ ካላለፈች ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። ነገሩ ይኸው ነበር። ልጅቷ በስልክ «አያዬ»፣ እናቴ፣ እያለች የምትጠራው አያቷን፣ እናቷን ደግሞ በስሟ ነው አለችኝ አንድ ቀን፣ ልብስ እያሰጣች፣ ፊቷን ሳትመልስልኝ።

ለድጋሚ ፈተናው የሚያስፈልጋት ጽሑፍ ሁሉ በፍላሽ ነበር። በስልኳ ልታነብ ትሞክርና ወይ ባትሪው ያልቃል፣ ወይ መልእክት ይገባና ሐሳቧን ይወስደዋል። ማንበቢያዬን አዋስኳት። ተስማማን፤ ጠዋት ጸሎቴን ካደረስኩ በኋላ ትወስዳታለች፣ ቅዳሜና እሑድ የእኔ ነች።

አጠቃቀሙን እኔ አስተማርኳት፣ ብዙም ሳይቆይ ግን በለጠችኝ። የከበዳትን ዐረፍተ ነገር በጣቷ ታሰምርበታለች፤ የማታውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ተጭና ትይዘውና ፍቺው ይመጣላታል። ከሁሉ ያስቀናኝ ግን ማስታወሻ መጻፏ ነው። እኔ ማንበቢያዋ ላይ በፊደሌ መጻፍ አልችልም፤ መክተቢያው አያውቀውም። ጎረቤቴ ግን ኦሮምኛዋን በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው የምትጽፈው፤ መክተቢያውም ያን ፊደል ያውቃል። እንግሊዝኛውን ታነብና ከሥሩ ለራሷ እናት እንደምታስረዳ አድርጋ በቋንቋዋ ትጽፋለች። አራት ወር እንዲህ ጻፈች። መጀመሪያ የወደቅሁት በቃሌ ይዤ ስለገባሁ ነው፣ አሁን ግን እየገባኝ ነው ትለኝ ነበር።

የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው፤ ባልቴት፣ ሰባት ልጅ ወልደው ያሳደጉ፣ እሑድ ጠዋት ለአምልኮ ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ። ግቢው ሁሉ አዮ ይላቸዋል፣ እናት እንደማለት ነው። ዓይናቸው ደክሞ ቃሉን ማንበብ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ጭነንላቸው ፊደሉን እስከ መጨረሻ አተለቅነው። አንድ ገጽ ላይ ዐሥር ቃል ያህል ቀረ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ያለ መነጽር ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ፤ ገጹ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅባቸው ግን ቅር ይላቸዋል። «ይቺ ጠፍጣፋ እንደ ክፉ ባለቤት ናት፤ ጠብ እያደረገች ነው የምታበላው» ይሉ ነበር።

እንግዲህ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሆነ። በእኛ ወግ በቅበላ ሰሞን የቤት ዕቃ ይጠራል። ቅቤ የነካው ድስት፣ ሥጋ የነካው ቢላዋ፣ ማማሰያው፣ ሁሉም በአመድ ይፈተጋል፣ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ የፍስክ ሽታ ያለው ዕቃ ለጾም አይቀርብም። እናቴ እንደምታደርገው ቅዳሜ ጠዋት ድስቶቼን በረንዳው ላይ ደርድሬ በአመድ ስፈትግ አዮ መጡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጾሙ የድስቱ ነው ወይስ የአንቺ?»

«የሁለታችንም ነው አዮ» አልኳቸው።

«ድስቱ ምን በደለ?» ብለው ሳቁ፤ ግን ተቀምጠው የማጠራውን ማድረቅ ያዙ። በየዓመቱ ይሳለቁብኛል፣ በየዓመቱ ያግዙኛል።

ድስቶቹ ካለቁ በኋላ ዓይኔ ማንበቢያዋ ላይ አረፈ። አሁን የምጽፈው የኀፍረቴን ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የፍቅር ልብ ወለዶች ሰጥታኝ ነበር፣ እንግሊዝኛ፤ እኔም ለእንግሊዝኛዬ ነው እያልኩ ዐሥራ ሁለቱንም ጨርሼ ደግሜ ጀምሬያቸው ነበር። የጸሎት መጽሐፌ ከእነሱ ጋር በአንድ ዝርዝር ተሰልፎ ሳየው፣ ቅቤ ያልለቀቀው ድስት ውስጥ ሽሮ የጣድኩ መሰለኝ። አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ስማቸው ግን አልጠፋም፤ የፈለግሁት፣ ያነበብኩት፣ የቆምኩበት እያለች ከየስርቻው ታወጣቸዋለች። ሽታው አልለቀቀም ማለት ነው። ከታች ወርጄ ሁሉን ነገር አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚመልሰውን አገኘሁት። ሁሉም ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እርግጠኛ ነበርኩ። እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ ሰውም የሚያውቀኝ በዚህ ነው። ልማዴ ነውና በዋዜማው ዓርብ የጸሎት መጽሐፌን፣ የአዮን መጽሐፍና የጎረቤቴን ጽሑፎች አንድም ሳላስቀር በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ገልብጬ አስቀምጬ ነበር። እንደ ወረቀት መጽሐፍ ነው ያሰብኩት። መጽሐፍን ከቤት ቤት ብታዘዋውረው በእርሳስ ያሰመርክበት አብሮት ይሄዳል። ተጫንኩት። ጠፍታ ስትመለስ ፊቷ እንደ ታጠበ ሳህን ነጭ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ የጾሙ መጀመሪያ ቀን፣ መጽሐፎቹን መለስኳቸው። የጎረቤቴን አንዱን ገለጥኩ። ከዳር እስከ ዳር ያሰመረችበት ገጽ ነጭ ነው። ሌላውን ገለጥኩ። ነጭ። ያሰመረችውና የጻፈችው ለካ መጽሐፉ ላይ አልነበረም፤ ማንበቢያዋ ብቻዋን በሌላ ፋይል ትይዘው ኖሯል። ያን ፋይል አላየሁትም፣ አልገለበጥኩትም። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ጎረቤቴ ከሥራ መጣች። ከባድ ምጥ ስታዋልድ ውላ ዓይኗ ገብቷል፤ የኦሮምኛ ሰላምታዋን ግን አላጓደለችም። ማንበቢያዋን ስትጠይቀኝ፣ ቻርጅ ላይ ናት አልኳት። ቻርጅ ላይ አልነበረችም፤ ትራሴ ሥር ነበረች። ከሥጋና ከቅቤ በተለየሁበት በመጀመሪያው ቀን ውሸት ቀምሼ ዋልኩ።

በማግሥቱ ለጸሎት ቆሜ የማክሰኞውን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣልኝም። ዘጋኋትና ነጠላዬን ሳላወልቅ በሯን አንኳኳሁ። ያደረግሁትን ከቅዳሜው ድስት ጀምሬ፣ የትናንቱን ውሸት ጨምሬ ነገርኳት። ደፍ ላይ ቆማ ነው የሰማችኝ። ማንበቢያዋን ከእጄ ወሰደችና ገለጠች፤ ሌላ ገለጠች፤ ስለ ደም መፍሰስ የሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ቆመች።

«እዚህ ላይ ስለ ራሴ ምጥ ጽፌ ነበር» አለች።

ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ። «ረኮ ሂንቀቡ ቲቸር፣ ችግር የለውም» አለችኝና ቁርስ ሳትቀምስ ወደ ሥራ ሄደች። ችግር የለውም ያለችው ችግር ባለበት ድምፅ ነበር። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አዮ ነገሩ ሸቷቸው ከሰዓት በኋላ ጠየቁኝ። ለእሳቸውም ነገርኳቸው፤ የእሳቸውም ዕልባት እንደጠፋ ጨመርኩ። ለራሳቸው እንኳ አልገረማቸውም፣ የደረስኩበትን አውቀዋለሁ አሉ። ስለ እሷ ግን፣ «ድስቱን አጥባለሁ ብለሽ ወጡን ደፋሽው በይኛ» አሉ።

አለቀስኩ። አልከለከሉኝም። አልቅሼ ሳበቃ ነው የተናገሩት። «ያ የጻፈችው ከየት የመጣ ነው? ከራሷ አይደለም? ራሷ እኮ አለች። ከአራት ወር በፊት የተዘራ እህል መሬት ውስጥ ዝም ብሎ አይቆይም። ተቀመጪና ጠይቂያት።»

እኔ ስለ ምጥ ምን አውቃለሁ ብላቸው፣ ለዚህ እኮ ነው፣ ለሚያውቅ ሰው ማንም አያስረዳም አሉኝ።

ጎረቤቴን ለማሳመን ቀላል አልነበረም። ሦስት ሳምንት ለማንበብም አይበቃም፣ እንኳን እንደገና ለመጻፍ አለች። አዮ ከበረንዳው ሆነው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጮክ ብለው ነገሯት፤ በደንብ አልገባኝም፣ እሷ ግን ሳትወድ ሳቀች። በዚያው ቀን ጀመርን።

እንዲህ ነበር የምናደርገው። ከሥራ ስትመለስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ በረንዳው ላይ ሳለች ሦስታችንም ዱካ ይዘን እንቀመጣለን። ማንበቢያዋ እኔ ጋ ናት። የመጽሐፉን ገጽ እገልጥና ርእሱን ብቻ አነብላታለሁ፤ እዚህ ላይ ምን አስምረሽ ነበር እላታለሁ። ስታስታውስ በአማርኛ ታስረዳኛለች። ካልገባኝ አልገባኝም እላለሁ፤ መምህር ነኝና ያልገባው ተማሪ ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ አስመስዬም አላውቅም። አዮ ደግሞ በኦሮምኛ ያስደግሟታል። ሰባቱን ልጆች ቤታቸው ነው የወለዱት፤ መጽሐፉ የሚለውንና ሆዳቸው የሚያውቀውን ያነጻጽራሉ፣ አንዳንዴ ይጣላሉ። ሦስተኛው ልጄ በእግሩ ሲመጣ ያንቺ መጽሐፍ የት ነበር ይሏታል። እሷም እናንተ ስለታደላችሁ ነው፣ ያልታደሉትን ማን ቆጠራቸው ትላቸዋለች። ሁለታችንም የገባን ቀን ማንበቢያዋን ከእጄ ትወስድና ማስታወሻዋን ትጽፋለች።

ዓርብ ዓርብ ያን የማስታወሻ ፋይል በሁለት ቦታ እገለብጠው ጀመር። አዮ ይህም አልበቃቸውም፤ ደብተር ገዝተው መጡና በእጅሽም ጻፊው አሏት፣ ደብተርን ሌባም አይፈልገው።

ሁሉም አልተመለሰም። አንድ ቀን ስለ አራስ ልጅ ትኩሳት ጠይቄያት ጠፋባት። «ያኔ ጽፌው ነበር» አለች በዝግታ። ልትወቅሰኝ አልነበረም፣ እንዲሁ እውነቱን ነው። ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ። ስለ ደም መፍሰስ የሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ትምህርቱን አንድም ሳትስት ተናገረችው፤ ስለ ራሷ ምጥ የጻፈችውን ግን ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አጠፋችው። እንለፈው አለችኝ፣ አለፍነው።

የፈተናው ዕለት እስከ ግቢው በር ሸኘኋት። በኮምፒውተር ነው የሚፈተኑት፤ እሱ አላስፈራትም፣ ዓይኗ የለመደው ነገር ነው። «አንቺ በአንቺ መንገድ፣ አዮ በእሳቸው መንገድ ጸልዩልኝ» አለችኝና ገባች። እኔ ከደጅ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ የዕለቱን ጸሎት አደረስኩ። አዮ ቤት ሆነው ጮክ ብለው ሲጸልዩ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ነገረኝ።

ውጤቱ የመጣ ቀን እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስትደውል አላነሣሁም፤ ተማሪ ፊት ስልክ አላነሣም። ዕረፍት ሲደወል ወጥቼ ደወልኩላት። ማለፏን የሰማሁት ከእሷ አይደለም፣ አዮ ስልኩን ነጥቀዋት ነው የነገሩኝ።

ከወር በኋላ ዕቃዋን ጭና ወደ ኑኑ ቁምባ ሄደች። ደብተሩን ይዛ ነው የሄደችው። ማንበቢያዋን ውሰጃት ብላት አሻፈረኝ አለች፤ አዮ በምን ያነባሉ ብላ። በመሄጃዋ ዋዜማ ማታ ግን አንድ ሰዓት ያህል ክፍሏ አቆይታት ነበር። በማግሥቱ ስከፍታት ስለ ደም መፍሰስ የሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ረጅም ማስታወሻ አገኘሁ፤ በኦሮምኛ፣ ያለፍነው ቦታ ላይ። አላነበብኩትም። ለእኔ የተጻፈ አልመሰለኝም።

ዓመቱ ዞሮ ቅበላ መጣ። ድስቶቼን በረንዳው ላይ ደርድሬ በአመድ እፈትጋለሁ፤ አዮ እያደረቁ ነው።

«ያቺ ጠፍጣፋስ? ዘንድሮ ወረፋ የላትም?» አሉኝ።

«እሷን በእርጥብ ጨርቅ ነው፣ ያውም በጀርባዋ» አልኳቸው።

«ትምህርት ገባሽ።»

እንዲህ ስንባባል ስልኬ ጮኸ። እጄ አመድ ስለነበር አዮ አነሡና ጆሮዬ ላይ ያዙልኝ። ጎረቤቴ ናት። ጤና ጣቢያው ሁለት አዲስ አዋላጆች ተቀብሏል፣ ሰኞ እሷ ናት የምታስተምራቸው፤ ደብተሩን ስታወጣ ልጇ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ገጽ ዶሮና ቤት ሥላበታለች። ማንን ልቆጣ አለችኝ፤ እናቴ ከጻፈችበት እኔም ልጻፍበት ብላ ነው። ከዶሮዎቹ ሥር ሌላው ምዕራፍ ይነበባል፤ የደም መፍሰሱ ገጽ ግን ቀለም ተደፍቶበታል። ከማንበቢያዋ ላይ የእኔን፣ በመጨረሻው ማታ የጻፍኩትን አንብቢልኝ አለችኝ።

አዮ ስልኩን ከጆሮዬ ነጠቁና «መጀመሪያ እጇን ትታጠብ» አሏት።

ታጠብኩ። በነጠላዬ ጫፍ አደረቅሁ። ማንበቢያዋን አምጥቼ ፀሐይ ላይ ከፈትኳትና ያን ያላነበብኩትን ማስታወሻ ፈለግሁ። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፣ ያውም ጎጃም ጎጃም ይላል። በሁለተኛው ቃል ላይ ስሰናከል ከወዲያ ስትስቅ ሰማኋት፤ አዮ በትከሻዬ ላይ ሆነው አስተካከሉኝ። ቀስ እያልኩ ሄድኩ። የወለደች ዕለት ብርድ ብርድ እያላት ደህና ነኝ ብላ እንደነበር፣ አሮጌዋ አዋላጅ ግን አላመነቻትም ይላል። የመጨረሻው መስመር ወደ አማርኛ ሲመጣ እንዲህ ነበር፤ እናቲቱ ደህና ነኝ ብትልሽም እጅሽን ከሆዷ ላይ አታንሺ።

«ደግመሽ አንብቢው ቲቸር፣ እየጻፍኩ ነው» አለችኝ።

ደገምኩት። ከጀርባዋ ልጇ በቀጭን ድምፅ ከእኔ እየተቀበለች፣ አጠራሬን እንዳለ ይዛ፣ ቃል በቃል ትከተለኝ ነበር።